ስልኩ ላይ «መኖ ቤት» ብሎ መዝግቦኛል

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአሜሪካ፣ ከሰሜን ዋዮሚንግ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ነርስ ነኝ። ከዴንቨር ለሦስት ወር ኮንትራት ብዬ መጥቼ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ። ያስቀረኝ ካውቦይ ነው። አይሳቁብኝ።

ድንገተኛ ክፍል የመጣው አውራ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ነበር። ጥጃ በገመድ ጠልፎ፣ ገመዱን ኮርቻው ጉጥ ላይ ሲጠመጥም ጣቱ መሃል ገባችበት። ደግነቱ ተርፋለች። እሱ የጨነቀው ግን ቅዳሜ ገመድ መያዝ ይችል እንደሆነ ብቻ ነበር። እዚያው ወደድኩት።

ችግሩ ቤተሰቡ ነው። የእነሱ ራንች፣ የከብት እርባታቸው ማለቴ ነው፣ ከወንዙ ላይ በኩል ነው። የአከራዬ ቤተሰብ ራንች ደግሞ ታች በኩል ነው። ላይኞቹና ታችኞቹ ልበላቸው። አባቱና የአከራዬ ልጅ አርባ ዓመት አልተነጋገሩም። መጀመሪያ በውሃ ተጣሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ደግሞ የላይኞቹ ኮርማ አጥር ጥሶ ከታችኞቹ ጊደሮች ጋር አደረ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አይነሳ። የሚገርመው ግን በየዓመቱ ጸደይ ላይ አጥሩን እኩል ተካፍለው ያድሳሉ። ጥጃ በጋለ ብረት በሚታተምበት ቀንም ይረዳዳሉ፣ ቃል ሳይወጣቸው።

የምኖረው ታችኞቹ ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት ነው። አከራዬ እማማ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ፣ እሁድ እሁድ ቡና አፈላላቸዋለሁ። እሱ ሊያየኝ ሲመጣ ፒካፑን ራቅ አድርጎ አቁሞ በቦዩ ዳር ጎንበስ ብሎ ነው። ሰሞኑን እማማ ማታ ማታ የቦዩን በኩል መብራት ማብራት ጀምረዋል፣ ሌባ ፈርተው ይመስለኛል። አባቱ እንዳይጠረጥር ስልኩ ላይ «መኖ ቤት» ብሎ ነው የመዘገበኝ። ስደውል «መኖው ደረሰ?» ይለኛል፣ በሳቅ ነው የምሞተው። እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሆነን። ባለፈው ወር እንጋባ አለኝ።

ያሰብኩት አጎቶቼንና የንስሐ አባቴን ዴንቨር አጠገብ ካለችው አውሮራ አምጥቼ ሁለቱን ቤት ማስታረቅ ነው። ያዋጣል? ወይስ መጀመሪያ ቤት ልቀይር? እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ «ካውቦይ ማለት ነጭ አይደል እንዴ፣ ምን ብለው ይቀበሉሻል?» እያለች ታስጨንቀኛለች።

በሁለት አጥር መሃል ያለሁት»

እህቴ፣ አይሳቁብኝ ብለሽ ነበር። አልቻልኩም። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብለት ኮርማው ጋ ስደርስ ቡናው ትን አለው።

ደብዳቤሽ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። አንባቢ ያላየውን ግን ልጨምር። ኮርማው ሎንግሆርን ነው፣ ያ ቀንዱ እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው ዝርያ። ጊደሮቹ ደግሞ ዘራቸው የተመዘገበ፣ አንገስ የሚባል ዝርያ፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጥቁር ናቸው። ላም የምታረግዘው 283 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ጠቡ ዘጠኝ ወር ሙሉ ተረግዞ ቆየ። ሲወለድ አሥራ አንድ ቡራቡሬ ጥጃ ሆነ። የማን ልጅ ናቸው ብሎ መካድ የለም፣ ምስክር አያስፈልግም፣ መልካቸው ተናገረ። ጨረታ ላይ ደግሞ ጥቁር ጥጃ ነው የሚፈለገው፣ ቡራቡሬው ዋጋው ይወርዳል። ታችኞቹ ካሳ ጠየቁ። ላይኞቹ ምን አሉ? «እንዲያውም ልታመሰግኑን ይገባል፣ የሎንግሆርን ጥጃ ትንሽ ስለሆነ ጊደር አያስጨንቅም።»

የሚያናድደው ይሄ እውነት መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ጊደር ምጥ እንዳይከብዳት ብለው ሆን ብለው ሎንግሆርን የሚያስጠቁ አርቢዎች አሉ። እውነት የያዘ ባላንጣ እንዴት እንደሚያንገበግብ ታውቂያለሽ።

የውሃው ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ዋዮሚንግ ውስጥ ወንዙ የስቴቱ ነው። ሰው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ መብቱም በቀን ይደረደራል። ቀድሞ የያዘ ቀድሞ ይጠጣል። ወንዙ በማን ደጅ ቀድሞ ያልፋል የሚለው ከቁም ነገር አይገባም። አንቺ እንደጻፍሽው የታችኞቹ ወረቀት የ1886 ነው፣ የላይኞቹ የ1891። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በአምስት ዓመት ልዩነት ምን ይመጣል እንዳትይ። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲጎድል ታችኞቹ ስልክ ይደውላሉ። የውሃ ኮሚሽነሩ ይመጣል። የላይኞቹን የቦይ በር ይዘጋል። ከዚያ ያንቺ ሰው አባት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድርቆሹ ዓይኑ እያየ ቢጫ ሲሆን፣ ውሃው በደጁ አልፎ ወደ ጠላቱ ማሳ ሲወርድ ይሰማዋል። ይህ በአርባ ዓመት ስንት ሐምሌ እንደሆነ ቁጠሪው። እኔ ብሆን እኔም አልናገርም ነበር።

እኛ አገር በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባል የለ? እዚያ ደግሞ ውሃን ጨምሪበት።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ከጎረቤታቸው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ምክንያቱ አንድ ፈር ናት። ሲያርስ ድንበር ገፋ፣ አልገፋም። አንድ ክረምት የሰውየው በሬ ገደል ገባ። አያቴ ገመድ ይዘው ወረዱ። ሁለቱ ሽማግሎች በሬውን ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ግማሽ ቀን ሲጎትቱ አያቴ ለሰውየው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ለበሬው ግን ነገሩት። «አንተ ምን ታደርግ፣ ጌታህ ራሱ ድንበር አያውቅ!» ጎረቤትየውም ለዚያው ለበሬ መለሱለት። እናቴ እንደምትለው በዚያ ዓመት ከሰማችው ሁሉ ረጅሙ ወሬ ይሄ ነበር። በሬው ወጣ፣ ኩርፊያውም ቀጠለ።

እና ያንቺዎቹ አርባ ዓመት ሳይነጋገሩ አጥር እኩል ያድሳሉ ስትይኝ አልገረመኝም። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ጎረቤቶች የአጥሩ አጋማሽ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ በቀኝ እጁ በኩል ያለውን ግማሽ ይወስዳል። ክርክር የለ፣ ቀያሽ የለ። አንቺም ጽፈሽልኛል፣ የአከራይሽ ልጅ በየዓመቱ መሃለኛው ምሰሶ ላይ የቡና ቆርቆሮ ሙሉ የአጥር ምስማር ትቶ ይሄዳል፣ ላይኛው ሽማግሌ ባዶውን ቆርቆሮ ይመልሳል። አየሽ፣ ይሄ ጠብ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ጠብ ነው። ምስማር ያበድራል።

የምሩን ጠብ ማየት ከፈለግሽ እዚያው ያለሽበት አካባቢ በ1892 የሆነውን ጠይቂ። ጆንሰን ካውንቲ ውስጥ ትልልቆቹ ባለ ከብቶች ትንንሾቹን «የከብት ሌቦች» ብለው ስም ዝርዝር ያዙ። ከቴክሳስ ከሃያ በላይ ጠመንጃ ያዥ ቀጠሩ። በልዩ ባቡር ከሻየን እስከ ካስፐር ሄዱ፣ ከዚያ በፈረስ። ከትንንሾቹ አንዱን፣ ኔት ቻምፒየን የሚባለውን፣ ከኒክ ሬይ ጋር አንዲት ጎጆ ውስጥ ከበው ገደሉ። ቻምፒየን ተከቦ እያለ፣ ጥይት እየጮኸ፣ ኪስ ደብተሩ ላይ የሚሆነውን ይጽፍ ነበር። ወሬው ሲሰማ የአገሩ ሰው ሁለት መቶ ያህል ሆኖ ወጣና ወራሪዎቹን ቲኤ በሚባል ራንች መልሶ ከበባቸው። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ፈረሰኛ ጦር ባይልክላቸው ኖሮ አንዳቸውም ባልተረፉ። በመጨረሻ የተፈረደበት ሰው የለም። ከዚህ ጋር ሲተያይ ያንቺዎቹ ጠብ ሳይሆን ኩርፊያ ነው የያዙት።

ስለዚህ አጎቶችሽን ተያቸው። በዓይነ ሕሊናዬ ሳያቸው ደግሞ አልቻልኩም። ስድስት ሰዓት ነድተው መጥተው፣ ሦስት አጎትና አንድ ቄስ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ራንች በር ላይ «ቤቶች!» ሲሉ። ቤቱ ከበሩ ሁለት ማይል ይርቃል፣ ማን ይሰማቸዋል? ያ ነፋስ ጋቢውን ሲያውለበልበው ደግሞ የላይኞቹ ፈረሶች ደንብረው አጥር ይጥሳሉ። ሌላ አሥራ አንድ ቡራቡሬ ይወለድና ታርፊያለሽ። ቁም ነገሩን ከፈለግሽ፣ አስታራቂ የሚገባው አንዱ ወገን እንኳ ሲለምን ነው። ማንም አልለመነሽም።

ሽማግሌ መላክ ካለ ደግሞ የሚልከው ወንዱ ነው፣ ረሳሽው እንዴ? እሱ ነው ሰው መርጦ አውሮራ አጎትሽ ቤት የሚልከው። በሁለቱም ቤት ቡና የሚጠጣ ሰው ማን ነው ብዬ ደብዳቤሽን ብፈልግ ያገኘሁት የውሃ ኮሚሽነሩን ብቻ ነው። እሱን ይላክ። አጎትሽ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉት «በር እዘጋለሁ» ይበላቸው።

አሁን ወደዚያች መስመር ልምጣ። ከኮርማውና ከመብራቱ መሃል ሸጉጠሻት፣ በሳቅ ሸፍነሻት ያለፍሻት መስመር። መኖ ቤት።

መጀመሪያ እኔም ሳቅኩ። ሁለተኛ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ሰውየው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስድስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ኮርማ ፊት ያለ ዱላ ይቆማል። ጣቱ ሊቆረጥ ሲል ስለ ቅዳሜ ነው ያሰበው። አባቱ ፊት ያንቺን ስም መጥራት ግን ስምንት ወር አቃተው። ስምንት ወር ሙሉ አንቺ በኩንታል የምትሸጪ ነሽ። ከዚያ ደግሞ እንጋባ አለሽ። ለማን ነግሮ? ሠርጉ ላይ «ሙሽራዋ መኖ ቤት» ሊባል ነው?

የሁለቱ ቤት ጠብ ሰበብ ሆነለት ባይ ነኝ። ነገ ቢታረቁ እንኳ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰበብ አይጠፋም፦ የምጥ ወቅት ነው፣ ድርቆሽ ሊታጨድ ነው፣ አባባ ወገባቸውን አሟቸዋል። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። የፈራበትንም እገምታለሁ። ብዙ የራንች ልጅ ዕድሜውን በሙሉ የአባቱን መሬት ሲሠራ ኖሮ በስሙ አንድ ጋት የለውም። ቤቱ የአባት፣ ፒካፑ የአባት፣ ደሞዙም አለ የሚባል አይደለም። የሚታረድ ወይፈንና «አንድ ቀን ያንተ ነው» የሚል ቃል ነው የሚያገኘው። ያ አንድ ቀን አንዳንዴ ልጁ ስልሳ ሲሞላው ነው የሚመጣው። ሦስት ወንድምና እህት ካለ ደግሞ ያኔም ላይመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አባቱን ማስቀየም ማለት ምን እንደሆነ ይገባኛል። ግን አንቺም ይግባሽ፣ የምታገቢው ይህንን ነው።

እንዴት ትጠይቂው? «ስንት ከብት አላችሁ?» እንዳትይ። እዚያ ይሄ ነውር ነው፣ ባንክ ያለህን ብር ንገረኝ እንደማለት። ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ አያቴም ከብታቸውን ሲቆጥሩባቸው ፊታቸው ይጠቁር ነበር። አንቺ ጠይቂው፦ «በራስህ ስም የተመዘገበ ምልክት አለህ?»

ምልክት ስል በጋለ ብረት ከብቱ ታፋ ላይ የሚተኮሰውን ነው። ስቴቱ መዝገብ ላይ የሰፈረ ንብረት ነው፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል። ልጃቸውን ለማቋቋም የሚያስቡ ቤተሰቦች ገና በልጅነቱ የራሱን ምልክትና ጥቂት ላሞች ይሰጡታል። ያንቺ ሰው የራሱ ምልክት ካለው፣ አሥር ላም ብቻ ቢሆንም፣ የሚቆምበት መሬት አለው ማለት ነው። አባቱ ቢቆጡ ላሞቹን ነድቶ ይወጣል። ከሌለው ደግሞ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ፣ ኑዛዜ ወይም ሌላ የተጻፈ ነገር ካለ ከሠርግ በፊት ጠይቂ። ጠበቃም አማክሪ። «ፍቅር እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል» እንዳትይኝ ብቻ። የ1886 ወረቀት ዛሬም ውሃውን ሲወስድ እያየሽ ነው።

ለእናትሽ ይሄን አድርሺልኝ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በዚያ በደራው የከብት ነጂ ዘመን ከአራት ካውቦይ አንዱ ጥቁር ነበር። በ1870 ቴክሳስ የተወለደው ቢል ፒኬት ከፈረስ ላይ ዘሎ ወይፈኑን ቀንዱን ይዞ ከንፈሩን ነክሶ ይጥለው ነበር። በጥርሱ! ዛሬ ሮዲዮ በሚባለው የካውቦዮች ትርዒት ላይ ወይፈን መጣል የሚባለው ውድድር ከእሱ ነው የመጣው፣ ንክሻው ቀርቶ። በ1994 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ሊያወጣለት ተነሳና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የወንድሙን ፎቶ አተመ። ከተሠራጨ በኋላ ነው የታወቀውና ተሰብስቦ እንደገና የታተመው። ስለዚህ አማቶችሽ ጥቁር ካውቦይ አናውቅም ቢሉሽ አትደንግጪ፣ መንግሥትም ተሳስቷል። አባትየው ምን እንደሚሉሽ ግን ከዚህ ሆኜ አላውቅም። እሱም አያውቅም፣ አልነገራቸውማ።

ቀን ልቁረጥልሽ። ጥጃ የሚታተመው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው ብለሻል። ከዚያ በፊት ለአባቱ ይንገር። ከነገረ በዚያ ቀን ከፒካፑ ፊት ወንበር ተቀምጠሽ፣ በዋናው በር ግቢ። ሸለቆው በሙሉ፣ ላይኛውም ታችኛውም፣ እዚያ ነው። በሰው ፊት መታየት ማለት እንዲህ ነው። በመንገድሽ ያገኘሽውን የከብት በር እንዳገኘሽው ተይው፦ ክፍቱን ክፍት፣ ዝጉን ዝግ። የማንንም ባርኔጣ አትንኪ። ነጠላሽን መኪና ውስጥ አስቀምጪ፣ ስለ ፈረሶቹ ነግሬሻለሁ። ጥጃዎቹ ሲኮላሹ የወጣው ቆለጥ ተጠብሶ በሳህን ይመጣልሻል፣ እንግዳ የሚፈተነው በእሱ ነው። ጾም ነው ብለሽ እንዳታመልጪ ደግሞ ግንቦት አጋማሽ ሃምሳው አያልቅም፣ ረቡዕ ዓርብም አያድንሽ። ጥሬ ሥጋ የበላ አፍ በዚህ አይሸነፍም፣ ሚጥሚጣ ይዘሽ ሂጂ።

ካልነገረ አትሂጂ። ስልክሽን ክፈቺና ስሙን «ቀጠሮ የቀረ ታካሚ» ብለሽ መዝግቢው። እስኪነግር ድረስ እሱም በስሙ አይጠራ።

ቤቱን አትልቀቂ። እማማ ሌባ ፈርተው መብራት አበሩ አልሽ? እህቴ፣ ዋዮሚንግ ገጠር ውስጥ ውሻ ያላቸው የሰማንያ ዓመት ሴት የምን ሌባ ይፈራሉ? ሰውየው ጨለማ ውስጥ ቦይ ገብቶ እግሩን እንዳይሰብር ነው። ስምንት ወር የጫማ ዱካ ሲቆጥሩ ከርመዋል። እሁድ ቡናውን ስታፈዪ፣ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ፣ ከአንቺ አፍ ይስሙት። ሁለተኛውን አታስጠብቂ፣ አቦሉ ላይ ንገሪያቸው።

ከአሥራ አንዱ ጥጃ አንዷን እማማ አልሸጥም ብለው አስቀሯት፣ አሁን ራሷ ወልዳለች ብለሽ ጽፈሻል። ፎቶዋን ላኪልኝ። ባለቤቴ ውሸት ነው ብሎ ተከራክሮኛል፣ በቡና ተወራርደናል።